«ተከፍቷል» ያለው ማን ነው?

«።» እና «፡፡» ለዓይን አንድ ናቸው። ስልኩን አጉልቶ ያየ ሰው እንኳ ልዩነቱን ሳያስተውል አራት ነጥብ ነው ብሎ ያልፋል። ለኮምፒውተር ግን የመጀመሪያው አንድ ምልክት ነው፤ በዩኒኮድ መዝገብ ውስጥ ቁጥሩ 1362 ነው። ሁለተኛው ቁጥሩ 1361 የሆነው ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ ተደርድሮ የተሠራ ነው። አንዱ «ዓረፍተ ነገሩ አለቀ» ይላል። ሌላው «ቃሉ አለቀ፣ ቃሉ አለቀ» ይላል። አማርኛ በየቀኑ የሚያነብ ሰው ይህን ሳያውቅ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል፤ ምንም አይጎድልበትም። የሚጎድልበት ማሽን እንዲያነብለት የፈለገ ቀን ነው።

ጎንደር ቁስቋም ሰፈር የሚኖር አንድ ወጣት ነገሩን የተማረው በአጎቱ ስልክ በኩል ነው።

ፕሮግራም መጻፍ የጀመረው በ2016 ዓ.ም. ነበር። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት የቆየበት ጊዜ ነው። ቪዲዮ ማየት የለ፣ ሰው መጠየቅ የለ። ጓደኛው በፍላሽ ያመጣለት የፓይተን መማሪያ መጽሐፍና መብራት ሲኖር የሚሠራ አሮጌ ላፕቶፕ ብቻ ነበሩት። መጽሐፉ ላይ ካሉት የመጀመሪያ መልመጃዎች አንዱ ረጅም ጽሑፍን ወደ ዓረፍተ ነገር መክፈል ነው። ምሳሌው እንግሊዝኛ ነው፤ ነጥብ ባለበት ቁረጥ፣ አለቀ። አንድ መስመር ትእዛዝ ነው። ልጁ ነጥቡን አውጥቶ አራት ነጥብ አስገባ፤ አንድ አንቀጽ አማርኛ በራሱ እጅ ጽፎ ሞከረ፤ ሠራ። ከዓረፍተ ነገሮቹ መጨረሻ ላይ አንድ ባዶ ነገር ተጨምሮ መጣ እንጂ ሌላ ችግር አልነበረም። ባዶው የመጣው ከመጨረሻው አራት ነጥብ በኋላ ያለውን ምንምነት ማሽኑ እንደ አንድ ቁራጭ ስለቆጠረው ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚያገኘው ነገር ነውና አላስደነገጠውም።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ ሥራ አገኘለት። የእናቱ ወንድም በጎንደርና በደባርቅ መካከል የሚመላለስ ሹፌር ነው። የሚይዘው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ ቴሌግራም የለውም፣ እንዲኖረውም አይፈልግም። በዚያ መስመር ላይ ለሚሠራ ሰው የቀኑ የመጀመሪያ ጥያቄ ደግሞ መንገዱ ክፍት ነው ወይስ ዝግ የሚለው ነው። ወሬው ያለው ቴሌግራም ላይ ነው፤ ያውም በረጅሙ፣ በመግቢያና በመደምደሚያ ታጅቦ። ስለዚህ ልጁ አሰበ፦ ረጅሙን ዜና ተቀብሎ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ብቻ የሚያወጣ ፕሮግራም ቢሠራ፣ ያንን ቆርጦ በአጭር መልእክት ይልክለታል። የዜና ፍሬ ነገር መጀመሪያው ላይ ነው ይባል የለ።

አጭር መልእክት መሆኑ ራሱ ጣጣ አለው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል። በግዕዝ ፊደል ሲሆን 70 ብቻ ነው፤ ባዶ ቦታውም ምልክቱም ተቆጥሮ። ብዙ ሰው አማርኛን በላቲን ፊደል መልእክት የሚልከው ስንፍና ብቻ ይዞት አይደለም፤ ሂሳብም አለበት።

የመጀመሪያው ቀን ውጤት አሳፋሪ ነበር። ከአንድ ገጽ የወሰደው ዜና በትክክል ተከፋፈለ። ከሌላው የወሰደው ግን አንድም ሳይቆረጥ እንዳለ ተመልሶ መጣ፤ ሃያ መስመር የሆነ አንድ «ዓረፍተ ነገር»። ሁለቱም ላይ አራት ነጥብ ይታያል። ልጁ ላፕቶፑን አጠፋ፣ አበራ፣ ኮዱን እንደገና ጻፈ። እውነቱን ያገኘው በማግስቱ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ወደ ቁጥር እንዲቀይር ፕሮግራሙን ሲያዘው ነው። በአንደኛው 1362 አለ። በሌላኛው 1361፣ 1361። አንዳንዱ ዘንድ ደግሞ ከእንግሊዝኛ ቁልፍ ሰሌዳ የመጣ ሁለት ነጥብ ተደርቧል፤ አንዱ ነጥብ ግዕዝ፣ አንዱ ፈረንጅ፣ ጎን ለጎን።

ይህ እንዴት እንደመጣ ለመረዳት ከልጁ ቤት ብዙ መራቅ አያስፈልግም። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቤተ መንግሥታቸውንና ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ያሠሩት እዚሁ ኮረብታ ላይ ነው። የዚያ ዘመን ጸሐፊ ብራና ላይ ሲጽፍ በቃልና በቃል መካከል ባዶ ቦታ አይተውም ነበር። ሁለት ነጥብ ያስቀምጣል። ሁለት ነጥብ የቃል ድንበር ነው፤ አራት ነጥብ የሐሳብ ድንበር ነው። አራቱ ነጥብ ብዙ ጊዜ በቀይ ቀለም ይታጀባል፤ አንባቢው ከሩቅ እንዲያየው። ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ደርድሮ አራት ነጥብ የሚያደርግ ጸሐፊ ቢኖር ኖሮ በመካከሉ ቃል ረስቷል ተብሎ በተፋቀ ነበር።

ማተሚያ ቤት ሲመጣ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባዶው ቦታ ቀስ በቀስ የሁለት ነጥብን ሥራ ወሰደ። ሁለት ነጥብ ሥራ ፈት ሆነ፤ ሰዓት ለመጻፍ ብቻ ቀረ። ከዚያ ኮምፒውተር መጣ። ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል ያስገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛ እትሙ ነው። ያኔ ግን አገሩ በየራሳቸው መንገድ በሚሠሩ የፊደል ፕሮግራሞች መጻፍ ጀምሮ ነበር፤ ለብዙ ጸሐፊ አራት ነጥብን ፈልጎ ከማግኘት ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ መምታት ይቀል ነበር። ጣት የለመደውን አይተውም። ዛሬ ስልኩ ላይ አራት ነጥብ በአንድ ንክኪ የሚያገኝ ሰው እንኳ ሁለት ነጥብ፣ ሁለት ነጥብ ይመታል። በዩኒኮድ ደንብ ዓረፍተ ነገር የሚዘጉ ተብለው ከተመዘገቡት የግዕዝ ምልክቶች መካከል «።» አለ። ሥራ ፈቱ «፡» የለበትም። ስለዚህ ደንቡን አክብሮ ለሚሠራ ማሽን በ«፡፡» የተጻፈ የአማርኛ ጽሑፍ መጨረሻ የሌለው ጽሑፍ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይባል ቢታለፍ ያስቆጫል። ስለ ፊደላችን ክብር በየሳምንቱ የሚጽፉ፣ ሞክሼ ፊደል ይቀነስ ሲባል ደማቸው የሚፈላ ሰዎች አሉ። የብዙዎቹን ጽሑፍ ቢፈትሹት ውስጡ አንድም እውነተኛ አራት ነጥብ አይገኝም።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ከመቁረጡ በፊት ማጽዳት፦ ሁለት ሁለት ነጥብ ተከታትሎ ሲመጣ ወደ አንድ አራት ነጥብ ቀይር። ሰዓት ላይ ያለው ነጠላ ሁለት ነጥብ አይነካም። ልጁ ይህን አደረገና ዜናዎቹ መከፋፈል ጀመሩ።

ቀጥሎ የመጣው የፈረንጅ ነጥብ ነው። ዓረፍተ ነገራቸውን በአንድ ነጥብ የሚዘጉ ጸሐፊዎች ስላሉ ልጁ ነጥብንም መቁረጫ አደረገው። ያን ቀን «በ2016 ዓ.ም.» የሚል ሁሉ ተሰነጠቀ። «እ.ኤ.አ.» ሦስት ቦታ ሆነ፤ አንድ ፊደል የሆኑ ዓረፍተ ነገሮች ተሰለፉ። «3.5 ኪ.ሜ.» ወደ ሦስት ተበተነ። ኢ.ሕ.አ.ፓ. በነጥብ የተጻፈበት ጽሑፍ ላይ ፓርቲው አራት ሆኖ ወጣ፤ በዚህ አገር ፓርቲ ለመሰንጠቅ ኮምፒውተር አያስፈልግም ነበር።

እንግሊዝኛ ላይ ለዚህ አንድ ዘዴ አለ። ከነጥብ ቀጥሎ ትልቅ ፊደል ከመጣ አዲስ ዓረፍተ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ትንሽ ፊደል ከሆነ አሕጽሮት ነው። ፍጹም ባይሆንም ብዙ ያግዛል። ግዕዝ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም። «ዓ.ም.» ከሚለው ቀጥሎ «ጀምሮ» ሲመጣና አዲስ ዓረፍተ ነገር የሚጀምር «ጀማል» ሲመጣ በመልካቸው የሚለያቸው ነገር የለም። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ዘዴ ሁሉ እዚህ ላይ ይቆማል። የሚገርመው ግን አማርኛ የራሱ መውጫ ነበረው። ዶ/ር፣ ወ/ሮ፣ ፍ/ቤት፣ ጠ/ሚ እያለ በሕዝባር የሚያሳጥር ቋንቋ ነው፤ ሕዝባር ከነጥብ ጋር አይምታታም። «ዓ/ም» ብሎ የሚጽፍ አሮጌ የቀበሌ ጸሐፊ ለማሽን ከጋዜጣ አርታኢ ይልቅ የተመቸ ነው። ልጁ ነጥብ የሚወስዱትን አሕጽሮቶች በዝርዝር ጽፎ «እነዚህን አትንካ» አለው። ዝርዝሩ በየቀኑ ቢያድግም ሥራው ቀጠለ።

ዋናው አደጋ ከዚህ ሁሉ በኋላ መጣ፤ የመጣውም በትክክለኛ አራት ነጥብ ነው።

አንድ ጠዋት የመጣው ዜና እንዲህ ይጀምር ነበር፦

«ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወስደው መንገድ ተከፍቷል።» መባሉን የዳባት ነዋሪዎች አስተባበሉ።

ፕሮግራሙ የታዘዘውን አደረገ። የመጀመሪያውን አራት ነጥብ ሲያገኝ ቆረጠ። ጥቅስ ምልክቱን፣ ለንጽሕና ተብሎ ቀድሞ በተሰጠው ትእዛዝ መሠረት፣ አነሣው። የመቁረጫው ትእዛዝ የቆረጠበትን ምልክት ስለሚጥል፣ ልጁ ያማረ እንዲሆን መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ መልሶ እንዲለጥፍ አድርጎት ነበር፤ ለጠፈ። ስልኩ ላይ የደረሰው ይህ ነው፦

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወስደው መንገድ ተከፍቷል።

አንድ ቃል አልተጨመረም። አንድ ፊደል አልተቀየረም። የተጻፈው ሁሉ ዜናው ውስጥ ያለ ነው። ትርጉሙ ግን ዜናው ካለው ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። የቦታ ጥበትም ማመካኛ አይሆንም፤ ሙሉው ዓረፍተ ነገር ቢቆጠር 58 ፊደልና ምልክት ነው። በ70ው ውስጥ ገብቶ ቦታ ይተርፈው ነበር።

አጎትየው መናኸሪያ ነበር፤ ተሳፋሪ መጥራት ከመጀመሩ በፊት ደወለ።

«ተከፍቷል ይላል» አለ፤ «ማን ነው ያለው?»

«ዜናው ነዋ፣ ጋሼ።»

«ዜናውማ ዜና ነው። ተከፍቷል ያለው ማን ነው? መከላከያ ነው? መንገድ ትራንስፖርት ነው? ከዳባት የመጣ ሰው ነው? እንዲሁ ተከፍቷል ብሎ ነገር አለ እንዴ! እስቲ ከሥር ያለውን አንብብልኝ።»

ልጁ አነበበለት። አጎትየው ዝም አለ፤ ከዚያ «በል፣ ደህና ዋል» ብሎ ዘጋው። ያን ቀን ደባርቅ አልሄደም።

አንድ ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘ ሹፌር የጠየቀው ጥያቄ ብዙ ብር የወጣባቸው ማሽኖች የማይጠይቁት ነው። ጉዳዩም የአንድ ሰው ስልክ ሆኖ አይቀርም። ጎግል ትርጉም አማርኛን ከየካቲት 2008 ጀምሮ ይተረጉማል። የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች የጥላቻ ንግግርን እንለያለን የሚሉት በማሽን ታግዘው ነው። በታኅሣሥ 2015 በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሜታ ላይ የተመሠረተው ክስ፣ ፌስቡክ በኢትዮጵያ ጦርነት ወቅት የተሰራጨውን የጥላቻ ጽሑፍ በሚገባ አልተቆጣጠረም የሚል ነው። ክሱ ስለ ሥርዓተ ነጥብ አይደለም። ነገር ግን አማርኛን የሚያነብ ማሽን ሁሉ ከትርጉሙ በፊት አንድ ሥራ አለበት፦ ጽሑፉን የት የት መቁረጥ እንዳለበት መወሰን። «እነዚህ ሰዎች ይጥፉ።» ማለት ወንጀል ነው የሚለውን ዓረፍተ ነገር ለሁለት የቆረጠ ማሽን ጸሐፊውን ወንጀለኛ አድርጎ ያየዋል፤ ተቃራኒው የተፈጸመበትን ደግሞ ሳያየው ያልፋል። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚደረጉ ስብሰባዎች ላይ ስለዚህ ትንሽ ቢላ የሚያነሣ አይሰማም። ትልልቁ ነገር ያምራላ።

ልጁ ያን ቀን ማታ ነገሩን ለአያቱ ነገራቸው። አያትየው በጉብዝናቸው ንባብ ያስተማሩ ናቸው፤ ዛሬ ዓይናቸው ደክሟል። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ነገር አልገባቸውም፣ ጥያቄው ግን ወዲያው ገባቸው።

«ነጥቡን ተወውና አንብበው» አሉ።

አነበበ። «ተከፍቷል» ላይ ሲደርስ ድምፁን ጣለ።

«ለምን ጣልከው?»

«አራት ነጥብ አለው እኮ፣ አባባ።»

«ነጥብ አለውና! ገና መቼ አለቀና ነው? ‹መባሉን› እየመጣ አይደለም? ‹ማለት› ከኋላ ሲመጣ የፊቱ ቃል የሌላ ሰው ነው። እስቲ እንደገና።»

የንባብ ቤት ልጅ ትርጉሙን ሳያውቅ በፊት ተነሽና ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ እያለ ድምፅ የት እንደሚነሣና የት እንደሚወድቅ ይማራል። ዳዊት የሚደግም ሰው ብራናው ላይ ብዙ ጊዜ በየስንኙ መጨረሻ አራት ነጥብ ያገኛል፤ ሐሳቡ ግን ወደሚቀጥለው ስንኝ እየተሻገረ ሊሆን ይችላል። ማንም በዚያ አይሰናከልም። ነጥቡ ምልክት ነው፤ ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ማሰሪያ አንቀጹ ነው። አማርኛ ማሰሪያውን መጨረሻ ላይ ያደርጋል፤ አድርጓል ወይስ አላደረገም፣ ሆኗል ወይስ ተባለ፣ ሁሉም የሚታወቀው መጨረሻው ላይ ነው። እንግሊዝኛ ጸሐፊ «አስተባበሉ» የሚለውን ብዙውን ጊዜ ፊት ያመጣዋል፤ ከኋላ ቢቆረጥበት እንኳ ክህደቱ ተነግሯል። አማርኛ ከኋላ ከተቆረጠ የሚቀረው ተቃራኒው ነው።

ከዚያ ማታ በኋላ ፕሮግራሙ አንድ መስመር መሆኑ ቀረ። ጽሑፉን ፊደል በፊደል እየሄደ ጥቅስ ሲከፈት «ውስጥ ነኝ» ብሎ ይመዘግባል፤ ሲዘጋ «ወጣሁ» ይላል። ውስጥ ሳለ ያገኘውን አራት ነጥብ አይቆርጥበትም። ጥቅሱ በአራት ነጥብ አልቆ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ ቀጣዩን ቃል ይመለከታል። ቃሉ ከ«ማለት» ዘር ከሆነ ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም፤ ካልሆነ ይቆርጣል። ዝርዝሩን ያስጻፉት አያትየው ናቸው፦ ብሎ፣ ብላ፣ ብለው፣ ሲል፣ ስትል፣ ሲሉ፣ በማለት፣ አለ፣ አሉ፣ ተብሎ፣ ተባለ፣ መባሉን፣ ቢባልም፣ የሚለው፣ የተባለው። «ቢባልም»ን ሲያስጽፉ «እሷን እንዳትረሳ፣ ተንኮለኛ ናት» አሉ። እውነት ነው፤ ከፊቷ የመጣውን ሁሉ በአንድ ቃል ትገለብጠዋለች።

ይህን ዝርዝር የትም አገር ያለ ኩባንያ ለቁስቋም ልጅ አዘጋጅቶ አያስቀምጥለትም። በዓለም ዙሪያ ጀማሪዎች ከሚጠቀሙበት የታወቀ የፓይተን የቋንቋ መሣሪያ ጋር የሚመጣው ዓረፍተ ነገር ከፋይ ለኢስቶኒያኛና ለስሎቬንኛ ተዘጋጅቶለታል፤ ለአማርኛ የለውም። ለዚህ የሚቆጣ ሰው መቆጣቱ ተገቢ ነው። ሆኖም ዝርዝሩን ለመሥራት የፈጀው የአንድ ማታ ወግና አንድ ሽማግሌ ነው፤ ሁለቱም በየሰፈሩ አሉ።

አሁን የቀረው ጥቅስ ከፍተው የማይዘጉ ጸሐፊዎች ናቸው፤ ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። ሁለት ጊዜ «ያንሳል» የሚለውን የሒሳብ ምልክት መትተው ይከፍታሉ፤ ከዚያ ስሜት ውስጥ ይገቡና መዝጊያውን ይረሱታል። ፕሮግራሙ በዚያ በኩል ከገባ እስከ ዜናው መጨረሻ አይወጣም። ልጁ መጀመሪያ በግምት እንዲዘጋለት ሞከረ፤ ሁለት ቀን ካየው በኋላ ተወው። ዛሬ እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ሲመጣ ማሽኑ ምንም አይቆርጥም፤ «ጥቅሱ አልተዘጋም፣ ራስህ አንብበው» የሚል መስመር ያሳየዋል። ባለፈው ቅዳሜ ከገቡት ዜናዎች ሦስቱ እንዲህ ተመለሱ። ሦስቱንም ከላይ እስከ ታች አነበባቸው። ለአጎቱ መልእክት አልላከም፤ ደወለለት።